ሎሚ፣ ከሰልና ክራንቻዬ

ለጥር ሠርጓ የምትሰናዳው የመካነ ኢየሱሷ ሙሽራችን ዛሬ በቤተ ዘመዱ ቴሌግራም ላይ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ለቃ፣ «ጋሼ፣ እስከ ጥር በዚህ ባሸው ይነጣልኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። በቪዲዮው ያለችው ወይዘሪት በደቀቀ ከሰል ላይ ግማሽ ሎሚ ጨምቃ፣ ጥርሷን ጥቀርሻ እንደ ያዘው ድስት ስትፈትግ ቆይታ፣ በመጨረሻ ፈገግ ትላለች። ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ያለው ዘመድ ሁሉ በልብ ምልክትና በእልልታ ሲያጅባት፣ «ተዪ ልጄ» ያልሁ እኔ ብቻ በመሆኔ፣ ከቀትር ጀምሮ በጸረ ሠርግነት ተፈርጄ ተቀምጫለሁ።

እንግዲህ ፍርዱ ከመጽናቱ በፊት የመከላከያ ቃሌን ላሰማ። ኢናሜል የሚሉት የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ከክብደቱ ከመቶ 96ቱ እጅ ማዕድን የሆነ፣ በሰው አካል ከሚገኘው ሁሉ የጠነከረ ፍጥረት ነው። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፣ ቆዳም ቢቆስል ይሽራል፤ ኢናሜል ግን፣ የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ግብራቸውን ፈጽመው ስለሚያልፉ፣ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ተመልሶ አይበቅልም። የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ በ2ና በ3 መካከል ነው። ስለዚህ ሎሚው ያለሰለሰውን ከሰሉ ፍቆ ይወስደዋል፤ ሽፋኑም በሳሳ መጠን ከሥሩ ያለው፣ በባሕርዩ ወደ ብጫ የሚያደላው ዴንቲን እየጎላ ስለሚመጣ፣ ጸዐዳ እሆናለሁ ያለችው መርዓት ውላ አድራ ብጫ ትሆናለች። ሐኪም የሚጠቀምበት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ግን ሽፋኑን ሳይፍቅ ሰርጎ ገብቶ ቀለሙን በውስጥ የሚበትን ነው፤ በልኩ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ከማስፈራት አያልፍም፣ ልኩን ሲያልፍ ግን እርሱም ይጎዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ0.1 ከመቶ በላይ እስከ 6 ከመቶ ያለውን ለጥርስ ሐኪሞች ብቻ እንዲሸጥ የወሰነው ያለ ነገር አይደለም።

«የስማዳዋ እማማስ ጥርሷ እንዲያ የነጣ በምን ኖሯል?» የሚል መልስ መጣ። በወይራና በክትክታ መፋቂያ ነዋ! ደግሞም እማማ ድዷን የተነቀሰች ሴት ነበረች፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ያበራልና፣ ያ ትውልድ ጥርሱን ሳይነካ ጎረቤቱን አጥቁሮ መንጣትን ያወቀ ብልህ ትውልድ ነበር። (መርፌው ያምም እንደ ነበር አልክድም።)

ድድ ከተነሣ ግን ብዙ ዘመን በሆዴ የያዝሁት ነገር አለ። በእኛ ጋይንት ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ክራንቻው በሚወጣበት በኩል ያበጠውን ድድ አይተው «ግግ ነው» ይሉና፣ ባልቴት ጠርተው በወስፌ ያስወጡት ነበር። ትል ነው ተብሎ በመዳፍ ላይ ለእናት የሚታየው ያ ነጭ ነገር ገና ያልጠነከረ የጥርስ ቡቃያ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ ኢናሜል በአራትና በአምስት ወር ዕድሜ መሠራት የሚጀምር በመሆኑ፣ ወስፌው እርሱንም ያገኘዋል፤ ጉዳቱ ግን ጥርሱ እስኪወጣ ድረስ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ተሰውሮ ይቆያል። የላይ ቀኙ ክራንቻዬ ጫፉ ጎድጉዶ፣ ወገቡን በቡናማ ጠባሳ ታጥቆ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው። እናቴን አልወቅስም፤ ከእኔ በፊት በተቅማጥ የቀበረችው ነበራት፣ ጤና ጣቢያም በአጠገቧ አልነበረም። የሚያንገበግበኝ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጎጂ ልማድ ከወንጀል ከቆጠረው ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ስለ ሎሚና ከሰል በየደቂቃው ቪዲዮ ሲለቀቅ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚገባው ወስፌ ሳይሆን ኦአርኤስ መሆኑን እየጨፈረች የምትናገር አንዲት ቆንጆ እንኳ አለማየቴ ነው።

ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ንፋስ መውጫ ፎቶ ልነሣ ስቀመጥ፣ ፎቶ አንሺው አተኩሮ አየኝና «አፍህን ግጠም» አለኝ፤ ገጠምሁ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ ፎቶ ተኮሳትሬ የምታዩኝ፣ «ቁም ነገረኛ ሰው ነው» እየተባልሁም ለሽምግልና የምጠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክብሬን ያገኘሁት ከባልቴቲቱ ወስፌ ነው ማለት ነው። ጉድጓዱን የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት መድፈን እንደሚቻል አንድ ሐኪም በቅርቡ ነግሮኝ ነበር፤ ዋጋውን ሲጨምርልኝ አፌን መልሼ ገጠምሁ።