ጥፋቱ የመብራት አልነበረም

መካነ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ልጅ አምኖኝ የበደልኩትን ልናገር።

በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ ከደንቆሮ ጫካ አቅራቢያ የመጣ ተማሪ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ተሸክሞ ሱቄ ገባ። ጌም መጫወት፣ ቪዲዮም ማቀናበር አምሮታል። ገንዘቡን እናቱ ሁለት በግ ሸጠው ሰጥተውታል። «የቱን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ፣ ጋሼ?» አለኝ። ሳላመነታ «አርኤክስ 580፣ ባለ 8 ጊጋውን» አልኩት። ካርዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልን።

የካርዱን ሜሞሪ አይቼ የፓወር ሳፕላዩን አቅም አላየሁም። የዚያ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ 275 ዋት ብቻ ነው። ካርዱ እስከ 185 ዋት ይስባል፤ ፕሮሰሰሩ 77። ይህ ብቻ 262 ሆነ፤ ሃርድ ዲስኩና ማራገቢያው ገና አልተቆጠሩም። ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድም የለውም። ያኔ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ከሃርድ ዲስኩ የሳታ ገመድ ላይ ቀጠልኩለት። የማዘርቦርዱ መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ የቀረውን 110 ዋት፣ 54 ዋት እንዲሸከም በተሠራ ማያያዣ ላይ ጫንኩት። ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ጂቲኤክስ 1650 ብመርጥለት ኖሮ ያው 75 ዋት ይበቃው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ማያያዣው ቀልጧል፤ ካርዱም ማዘርቦርዱም አይነሱም። በዚያ ሳምንት መብራት ይሄድ ይመጣ ነበር። «መብራት ነው ያቃጠለብህ» አልኩት።

አመነኝ። እናቱ ለገበያ ሲወጡ ጎራ ብለው፣ «መብራት ከሆነ ምን ታደርገው ልጄ፤ አንተም በከንቱ ደከምክ» አሉኝ፤ መርቀውኝም ሄዱ። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ካርድ ከመሳሳቴ ይልቅ ያ «አሜን» ማለቴ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ባለፈው ወር ልጁ ከደሴ ደወለልኝ። ሥራ ይዟል፤ አዲስ ኮምፒውተር ሊገጣጥም ነው። «መብራቱ እንደዚያን ጊዜ እንዳይጎዳኝ ስታብላይዘሩን አስቀድሜ ገዛሁ» አለኝ። ስታብላይዘር ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ግን ያን ገንዘብ ያወጣው የእኔን ቃል አምኖ ነው። ካርዱንም እንድመርጥለት ፈልጓል።

«ያን ጊዜ ያቃጠለብህ መብራት አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት። ዋቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት፤ የከሰረውን እንደምመልስለትም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ለእማዬስ ነግረዋታል?»

አልነገርኳቸውም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሱቄ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።