ውሻችንስ ተከትቧል?

ልጆቻችሁን በጊዜው እንዳስከተባችሁ አምናለሁ። እኛም የሦስቱን ልጆቻችንን የክትባት ካርድ በላስቲክ ጠቅልለን እናስቀምጥ ነበር። የቡቺን ነገር ግን ያሰበ አልነበረም። ቡቺ መርሳ ስናገለግል የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠብቅ ውሻችን ነበር።

አንድ ሰሞን ምግብ እምቢ ብሎ ጥግ ያዘ። መርሳ ስለሚሞቅ «ሙቀቱ ነው» አልን። በሁለተኛው ቀን ታናሹ ልጄ ውሃ ሲያቀርብለት እጁን ነከሰው።

ባለቤቴ ልጁን አቅፎ መጸለይ ጀመረ። እኔ ከእቅፉ ነጥቄ ወደ ቧንቧ ሮጥኩ። «ጸሎቱን እያጠብን እንጨርሰዋለን» አልኩት፤ ተቀየመኝ መሰለኝ። እኅቴ ነርስ ስለሆነች የነገረችኝን አልረሳሁም፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ። አንዲት ጎረቤታችን ቅጠል የሚያውቅ ሰው ልትጠራ ተነሣች፤ በክብር መለስናት። በቅርብ ያገኘነው ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። ወደ ወልድያ ስንጓዝ በመኪናው ውስጥ ባለቤቴም እኔም አልተነጋገርንም።

ቡቺ በአራተኛው ቀን ሞተ። ልጃችን ቀጠሮውን ሁሉ ጨረሰ፤ ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ትልቅ ልጅ ነው።

እኅቴ ሆይ፣ ይህ በሽታ በለሃጭ ይገባና በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ክትባት የሚያድነው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ፈውስ የሚሆን መድኃኒት የለም። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስልም አስሮ 10 ቀን መከታተል ይገባል፤ ክትባቱን መጀመር ግን እስከዚያ አይቆይም።

በ1884 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ በትግራይ፣ በጎጃምና በበጌምድር የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበረ ተጽፏል። ያኔ ክትባቱ ገና አልተገኘም ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር (የእኔው ፓስተር ስሙን ሲሰማ ይስቃል) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያን ዘመን እናቶች የሚያደርጉት አጥተው ነበር። እኔ ግን ቡቺን ሳላስከትብ የኖርኩት ምን ብዬ ነው?

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በሀብሩ ገጠር ከብትና ማሽላ የሚጠብቁትም ውሾች እንዲሁ። ባለቤቴ አሁን ምእመናንን ሲጎበኝ ስለ ልጆቹ ከጠየቀ በኋላ «ውሻውስ?» ይላል። መጀመሪያ ይስቁበት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ለበዓል በግ ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። በውስጡ ያለው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችሁ እጅ ይመጣል። ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ውሻው ቆፍሮ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫኑበት።