ጤና ወይስ ጠና

ዕድሜዬን የጨረስኩት የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ በመጻፍ ነው። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ቀጥ ያለ መስመር እምቢ አለኝና የስቲከር መቁረጫ ማሽን ልገዛ ተነሣሁ። ሁለት ዓይነት አየሁ። አንደኛውን ከኮምፒዩተር ለማዘዝ ኢንተርኔት ግድ ነው፤ በኛ ሰፈር ደግሞ ኢንተርኔቱ እንደ ቧንቧው ውሃ ሲያሻው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን፣ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት የሚቆርጠውን ሲልዌት ካሜዎ ወሰድኩ።

ምላጩ ስቲከሩን ብቻ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ወረቀት መተው አለበት። ግፊቱ ሲያንስ ፊደሉ ከዙሪያው አይላቀቅም፤ ሲበዛ ወረቀቱም አብሮ ይቆረጣል። ይህን እስክለምድ ግማሽ ጥቅል ፈጀሁ። ከዚያ ትርፉን በመርፌ መልቀም አለ። ላቲኑ ለዚህ ገር ነው፤ የኛ ፊደል ግን ቀለበቱ አያድርስ!

የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ክሊኒክ መስተዋት ነበር። ለጥፌ ራቅ ብዬ ሳየው «ጤና» ያልኩት «ጠና» ሆኖ ቁጭ ብሏል። የ«ጤ» ቀለበት ከትርፉ ጋር ተነቅላ ሄዳለች። ባለቤቱ ሳይደርስ ከቦርሳዬ አሮጌዋን ብሩሽና የዘይት ቀለም አወጣሁ። ለቀለበት ቀጥ ያለ መስመር አያስፈልግም። ትንሽ ተንጋዳለች፤ እስከ ዛሬ ግን እዚያው አለች።