እማማ፣ ቀስ ብለው ይነሱ

እንግዳ ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ ማለት ያደግንበት ወግ ነው። እኛም ለእረፍት ወደየመንደራችን ስንመለስ «አስተማሪ ሊሆኑ ነው» ተብሎ ስለተወራልን ብቻ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አያቶቻችን ከመደቡ ላይ ብድግ ይሉልናል። «ኧረ በእግዜር፣ አይነሱ!» እንላለን፤ የምንለው ግን ከተነሱ በኋላ ነው። አንዳንዴም ስመውን ሳይጨርሱ ግድግዳ ሲደገፉ እናያለን። «ምነው?» ስንል፣ «ምንም፣ ዓይኔን ጨለም አድርጎኝ ነው» ይሉናል። እርጅና ነው ተብሎ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

እርጅና ብቻ አይደለም። ሰው ከተኛበት ሲነሳ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚሆን ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በአንገትና በደረት ትልልቅ የደም ሥሮች ላይ ግፊቱን የሚጠብቁ ነርቮች አሉ፤ እነርሱ ወዲያው ልብን ያፈጥናሉ፣ የደም ሥሮችን ያጠብባሉ። እኛ ወጣቶቹ ብድግ ስንል ምንም የማይሰማን ለዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጥበቃ ይዘገያል። የውኃ ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ ሽንት የሚያበዛ ወይም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ሲጨመርበት አንጎል ለጊዜው ደም ያጥረዋል። ከዚያ መውደቅ ይመጣል፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደ ቀድሞው መራመድ ያቃታቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው።

ታዲያ ዋናው መከላከያ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜ ነው እንጂ። ሲነቁ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ የሚያዝ ነገር ይዞ መቆም፣ ወዲያው አለመራመድ። ካዞረ መልሶ መቀመጥ። ምጣድ ፊት ቆይተው ሲነሱም እንዲሁ ነው፤ ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሌሊት ሽንት ያስነሳኛል ብለው ውኃ ይሸሻሉ። ለነዚህ ፖፖ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ነው፤ ከተሜዎቹ ጓደኞቻችን ይሳቁብን እንጂ ጨለማ ለጨለማ ደጅ ከመውጣት ይሻላል።

ጾሙ ላይ ብዙ ተከራክረናል። በሕማማት ውኃ ሳይቀምሱ ውለው የሚሰግዱትን አያቶች «ተዉ» የምንል እኛ ማን ነን? እሱን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩበት። ከስግደት ሲነሱ መቋሚያ ማቀበል፣ ሲፈታም ውኃውን ቶሎ ማቅረብ ግን የኛ ድርሻ ነው።

ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ደግሞ ዝም አንበል። ተቀምጠው ብቻ ከተለኩ ይህ ነገር ሊያመልጥ ይችላል። ተኝተው ይለኩ፣ ከዚያም ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ ብለን እንጠይቅ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መድኃኒታቸውን ሁሉ ለባለሙያው ማሳየት ነው። ክኒኑን እቤት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይሆንም፤ ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ ሌላ መዘዝ ያመጣል።