ሳይቸግር የሚገባበት እድር

ሰሞኑን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከወላይታዋ ቦምቤ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ያልደፈነ ጠቅላላ ሐኪም ነው። «ጋሼ፣ የሙያ ማኅበር መዋጮ ክፈል እያሉኝ ነው። ማኅበሩ የዲዩቲ ክፍያዬን ያስመልስልኛል?» አለኝ። በስልክ ያልጨረስኩትን መልስ እዚህ ልጻፈው፤ እንደሱ የሚጠይቁ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁና።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዙን ለወራት ሲጠብቅ ከርሟል። በ2017 ግንቦት ደግሞ በየክልሉ የጤና ባለሙያዎች ደሞዝና ጥቅማ ጥቅም ጠይቀው ሥራ አቆሙ፤ የታሰሩም ነበሩ። የሙያ ማኅበር ያልተከፈለህን ደሞዝ ይዞልህ አይመጣም። ይህን ደብቄ አባል ሁን ልልህ አልችልም።

ግን እድርን አስበው። እድር የሚገባው ቤት ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም። ድንኳኑ የሚተከልልህ አንተ በደህናው ቀን የሌላውን ድንኳን ስትተክል ስለቆየህ ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ስሠራ ማኅበር ማለት የአዲስ አበባ ስፔሻሊስቶች ስብሰባ ይመስለኝ ነበር። ሶዶ ላይ ወደተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና የሄድኩትም ለፈቃድ እድሳት የሚቆጠር ነጥብ ፈልጌ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከአንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ስልኩን ሰጠኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወባ ነው ተብሎ ራሱን የሳተ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አመጡልኝ። ስኳሩ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነበር፤ ሽንቱ ኬቶን ሞልቶታል። ፖታሲየም የሚለካ መሣሪያ የለንም፣ የኢንሱሊን ፓምፕ የለንም፣ አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ወጥቷል። ደወልኩለት። «ፈሳሹን ቀጥል፤ ኢንሱሊኑን በየሰዓቱ በጡንቻ ስጠው። ሽንት መሽናቱን እያየህ ንገረኝ» አለኝ። እስኪነጋ ስድስት ጊዜ ተደዋወልን። ልጁ ጠዋት አይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ።

ያ ስፔሻሊስት የልጁን ኬስ ጽፌ በማኅበሩ ጉባኤ ላይ እንዳቀርበው ገፋፋኝ። አሥር ደቂቃ ለማቅረብ አንድ ወር አነበብኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ስለ አንድ በሽታ እስከ ጥጉ ያነበብኩት ያኔ ብቻ ነበር። ሙያዬ ወደፊት የሄደው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እላለሁ፤ ደሞዜ ግን በዚያ ዓመት አንድ ብር አልጨመረም።

«ከገጠር ሆኜ የት እደርሳለሁ» የምትል ከሆነ ሶዶን ተመልከት። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ተሰባስበው ያቋቋሙት ኮሌጅ አለ። የራሱ ሆስፒታል የለውም፤ ሠልጣኞቹ በየአገሩ ባሉ ሆስፒታሎች እየሠሩ ይማሩና አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሐኪሞች ተደራጅተው ደረጃ ስላወጡ፣ ወላይታ ላይ የተማረ እጅ ናይሮቢም ላይ ይታወቃል።

ከገጠር ስለሚነሳ ምርምር ደግሞ ዝሆኔን ውሰድ። በባዶ እግር ቀይ አፈር የሚረግጠውን የወላይታ ገበሬ የሚያጠቃው የእግር እብጠት ለስንት ዘመን እርግማን ሲባል ኖሯል። በ2004 ዓ.ም. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የበሽታውን የዘር ተጋላጭነት ያሳየ ጥናት አወጣ፤ ናሙናው ከዚህ ከእኛ ሕዝብ የተወሰደ፣ ቀዳሚ ጸሐፊውም ኢትዮጵያዊ ነው። ይህ አንተ ቦምቤ ላይ በየሳምንቱ የምታየው እግር ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበርም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የራሱ መጽሔት አለው፤ ከገጠር ሆስፒታል የሚላክ ንጹሕ የኬስ ጽሑፍ ሊያነቡ የሚጓጉ ሰዎች እንዳሉ አትጠራጠር።

ለማኅበራቱ መሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጉባኤው ሁልጊዜ አዲስ አበባ ከሆነ የቦምቤው ሐኪም የሚመጣው በማን ፈቃድ፣ በማን ትራንስፖርት ነው? ሁለት ሆነው ዲዩቲ የሚፈራረቁበት ሆስፒታል ውስጥ አንዱ ሦስት ቀን ሲቀር ሌላው አይተኛም። ሶዶ የክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታል አላት። ወደዚህ ኑ። ደሞዙ የዘገየበትን ወጣት መዋጮም እስኪከፈለው ታገሡት። አባል የሚርቃችሁ ስለሰነፈ ብቻ አይደለም።

አንተ ግን ወንድሜ፣ እነሱ እስኪመጡ አትጠብቅ። የአረካውንና የሶዶውን ሐኪም ስልክ ያዝ። በዚህ ወር ካየሃቸው ሁሉ እንቅልፍ የነሳህን አንድ ኬስ፣ የታማሚውን ስም ሳትጠቅስ፣ በአንድ ገጽ ጻፈው። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ሶዶ እጠብቅሃለሁ፤ ይዘኸው ና።