ጓጓ

በሐቫና የከተማ አውቶቡስ «ጓጓ» ይባላል። አባቱ በኦጋዴን ጦርነት የተሠዋበት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከመሰሎቹ ጋር የኩባን ምድር በረገጠ ጊዜ፣ ስሙን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ስቆ ነበር።

ዓመታት አልፈው የሐቫና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነ። ማለዳ ከፌርማታው ሲደርስ «ኡልቲሞ?» ይላል፤ በዚያ አገር ወረፋ የሚያዘው የመጨረሻውን ሰው ጠይቆ ነውና። ከዚያ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው። (ለወሬ የተመቸ ሥርዓት!)

አንድ ቀን እዚያው ሳለ የእናቱን ደብዳቤ ከፈተ። የጻፈላት የጎረቤት ልጅ ነው። «ልቤ አንተን ለማየት ጓጓ» ይላል። በዓይነ ሕሊናው አስቀድሞ የመጣበት አውቶቡሱ ነበር። ደነገጠ። ቃሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት ብድግ ብለው አንገታቸውን ወደ መንገዱ አሰገጉ።