ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን የስንት ሰዓት መንገድ ነው?

ዛሬ ልጁ ወይም እኅቱ አሜሪካ ያለችበት ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። «አገሩ ምን ያህል ይርቃል?» ሲባል ግን፣ «ባሕር ማዶ ነዋ!» ብለን እናልፈዋለን። እስቲ አሁን በቁጥር እናስላው።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርቱ እግረኛ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ባሕሩ የብስ ቢሆንለት እንኳ 288 ቀን ይፈጅበታል። ይህ ከ9 ወር ተኩል በላይ ነው። አይሮፕላን ግን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 11,500ን ለ900 ብናካፍል 13 ሰዓት ገደማ ይመጣል።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። ከዋሽንግተን ወደ እኛ ሲመጣ 13 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከእኛ ወደዚያ ሲሄድ ግን ከ15 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን? ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው የለም? የአይሮፕላን ሞተርም እንዲሁ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉንም የሚያነሳው አየር ያንሳል። ስለዚህ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነች ከዚያ ሲነሳ ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛ፦ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲሄድ ፊቱን ይገፋዋል፤ ሲመለስ ከኋላው ያግዘዋል።

ፀሐይ የምትወጣው ቀድማ ለእኛ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን በብርዱ ወራታቸው 8 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራታቸው 7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። እኛ ቀትር ላይ ብንደውል ልጃችንን ከእንቅልፍ እንቀሰቅሳለን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብንደውል ይሻላል።

ዋናው ቁም ነገር ትኬቱ ነው። የትኬት ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። ትኬቱ 10 ሰዓት ካለ፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያላወቀ መንገደኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢመጣ፣ አይሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎታል። ለትኬቱ በሬ ተሸጦ ከሆነ ጉዳቱ የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ከትኬቱ ሰዓት 6 እንቀንስ። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ደግመን እንቀንስ። ትኬቱ 22 ቢል፣ 22 ሲቀነስ 6፣ 16 ነው። 16 ሲቀነስ 12፣ 4 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። የትኬቱ ሰዓት ከ7 ካነሰ ግን 6 እንደምርበት። የወሩ ቀንም የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ እሱንም እናመሳክር።

መልመጃ፦ ትኬት ላይ 21 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። በእኛ ከምሽቱ ስንት ሰዓት ነው? መንገደኛው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት። ቦሌ በስንት ሰዓት ይገኝ?